አያ እያሉ እኔ ምን ቆርጦኝ

አባቴ በሕይወቱ ማንንም መርቆ አያውቅም ነበር። ይህን ስል ፊቱ የማይፈታ፣ ልጅ የማይወድ ሰው እንዳይመስላችሁ። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ኪሱን ሲበረብር ዝም የሚል ሰው ነበር። ግን አንዱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ቶሎ ብሎ በሁለት እጁ ያነሳውና «ኧረ በስማም! አያ እያሉ እኔ ምን ቆርጦኝ!» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም። ምርቃት የታላቅ ነው፤ ታላቁ ደግሞ በሕይወት አሉ፤ በቃ።

አያ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። እናትና አባታቸው አከታትለው ሲሞቱ እሳቸው ጎረምሳ ነበሩ፤ አባቴ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። አዝለውና አጉርሰው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሱ «አያ» ስለሚላቸው እኔና ወንድሞቼም «አያ» አልናቸው፤ እያደር አገር ምድሩ «አያ» አላቸው። አባቴን «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። አያን ግን አፉ ስቶት «አንተ» ያለ ልጅ የእናቴን ቁንጥጫ ሳይቀምስ አይውልም።

አያ የሚኖሩት ጉና ላይ ነው፤ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት፣ በጎቹ እንኳ ከብርዱ የተነሳ ተጠጋግተው ከሚቆሙበት። እኛ ከታች፣ ገሳይ፣ መንገድ ዳር ነበርን። አባቴ እዚያ ናፍጣ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ሰው ገብሱንና ስንዴውን በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ አባቴ ይመዝናል፣ ወፍጮው አፍ ውስጥ ያፈሳል፣ ዱቄቱን በእጁ እያሻሸ ልመቱን ያያል። ቀኑን ሙሉ በዚያ የሞተር ድምፅ መሃል እየጮኸ ስለሚውል ቤት ሲገባም ድምፁን መቀነስ አይችልበትም። «ውሃ ስጡኝ» ሲል ጎረቤት ይሰማል። እኛ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴ ስለ አንዲት ጎረቤት ቀስ ብላ ስታማለት «እሷማ ድሮም እንዲህ ናት!» ብሎ ሲመልስላት አጥሩን ተሻግሮ ይሄዳል፤ እናቴ ራሷን ትይዛለች። ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄት የማይታይበት እሁድና በዓል ቀን ብቻ ነበር።

ይሄ ሁላችንንም ያሳፈረን ድምፅ ለአንድ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ አያ ጆሯቸው አይሰማም። ግራው ጨርሶ ተዘግቷል። ቀኙ የሚሰማው አጠገቡ ሆነው ሲጮኹበት ነው፤ እሱም ቢሆን የአባቴን ድምፅ እንጂ የሌላውን ሰው «እ? እ?» እያሉ ነው የሚያልፉት። ስለዚህ አባቴ ሁልጊዜ በቀኛቸው ይቀመጣል። ሠርግ ቤትም ሆነ ለቅሶ ቤት አያ ሲገቡ ሰው ተነስቶ ሁለት ቦታ ይለቃል፤ አንዱ ለእሳቸው፣ ሁለተኛው ለአባቴ ነው። ማንም ይህን ተነጋግሮበት አያውቅም፤ እንዲያው የተለመደ ነገር ነበር።

አያ ሲመርቁ አይቸኩሉም። አንዷን ቃል ይሏትና ይቆማሉ። «አሜን» ካልሰሙ ወደ ቀጣዩዋ አይሄዱም፤ አሜን ያልተባለለት ምርቃት የደረሰ አይመስላቸውም። ቤት ሙሉ ሰው መዳፉን ዘርግቶ «አሜን» ቢልም የሚሰሙት የአባቴን ብቻ ነው።

«ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ» ይላሉ አያ።

«አሜን!» ይላል አባቴ፤ ቤቱ ውስጥ ሞተር የተነሳ ይመስል ሕፃናት ደንግጠው ያለቅሳሉ።

«ውርጩን ከገብሳችን ያርቅልን።»

«አሜን!»

አያ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ። በዓል በመጣ ቁጥር እንዲህ ነበር፤ ለመንገድም፣ ለፈተናም፣ ለሠርግም እንዲህ ነበር። 

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልወስድ ስል፣ ሌሎች ልጆች ቤታቸው ቁጭ ብለው ሲያጠኑ፣ አባቴ ጉና ይዞኝ ወጣ። ለምን ቢሉ አያ ሊመርቁኝ ነዋ። መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ጭጋጉ የፊትን አያሳይም፣ የጫማዬ ሶል ተላቅቆ በገመድ አስሬዋለሁ። እኔ ደግሞ ስናደድ ዝም ማለት አልችልም።

«አባዬ፣ አንተው በራፋችን ላይ ብትመርቀኝ ምን ነበረበት?»

«አያ እያሉ?»

«አያ እኮ አይሰሙም! የምን ፈተና እንደሆነ እንኳ አያውቁም!»

«እሳቸው ምን መስማት ያስፈልጋቸዋል» አለኝ ወደ ኋላ ሳይዞር፤ «የሚሰማው ሌላ ነው።»

ስንደርስ አያ ድንች ሲኮተኩቱ ነበር። አባቴ ቀኝ ጆሯቸው ላይ ጮኾ ነገራቸው። መኮትኮቻቸውን አስቀምጠው እጃቸውን በልብሳቸው ጠረጉ፤ እኔም ተንበርክኬ መዳፌን ዘረጋሁ። «ወጥተሽ ግቢ» አሉኝ። «እግርሽን እንቅፋት አይምታው» አሉኝ። «ያነበብሽውን አያስረሳሽ» አሉኝ። ለእያንዳንዷ አባቴ አሜኑን አከለባት። ከዚያ ትኩስ ድንች በልተን በመጣንበት ተመለስን። ጣቶቼ በብርድ ደርቀው ያን ቀን አንድ ገጽ አላነበብኩም። ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ሲመጣ አባቴ «አየሽ አይደል?» ሲለኝ «እኔም ትንሽ አጥንቼ ነበር እኮ» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁም እንደ ንግግሩ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

እውነቱን ልናገር፣ የአያን ምርቃት ንቄው አይደለም። አያ ግን የሚመርቁት አገሩን ሁሉ ነው። የጎረቤትን በሬ፣ መንገደኛውን፣ ሙሽራውን፣ አዲስ የተሠራውን ቤት፣ ሁሉንም ይመርቃሉ፤ የሚሏቸውን ቃላት እኔም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። እኔ የፈለግሁት ከአባቴ አፍ ለእኔ ብቻ የሚወጣ ቃል ነበር። ምን እንደሚለኝ ለመስማት እጓጓ ነበር። ይህ ሰው የልቡን ቢያወጣ ለእኔ ምን ይመኝልኛል? ልጅ ሆኜ ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል።

ሠርጌ ዕለት እንደማይቀርልኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሙሽሮች ጉልበት ስመው ሲነሱ አባት ምን ሊል ነው? ባሌ የአንበሳሜ ልጅ ነው፤ ነገራችንን ስለማያውቅ ከእኔ ጋር እኩል ጎንበስ አለ። መጀመሪያ አያን ሳምን። መረቁን፤ ለእያንዳንዱ ቃል የአባቴ አሜን ድንኳኑን አናጋው። ቀጥሎ አባቴ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። ወዲያው በሁለት እጁ ብድግ አደረገኝና ግንባሬን ሳመኝ። «አያ ጨርሰውታል» አለኝ። ይኸው ነው። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ሴቶቹ «ሙሽራ ስታለቅስ ያምርባታል» እያሉ እልል አሉ። እኔ እቴ ያለቀስኩት በንዴት ነበር።

ከዚያ ደብረ ታቦር ገባን፤ እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ባሌም መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ልጅ ሳንወልድ ዓመታት አለፉ። በየበዓሉ ገሳይ ስንሄድ አያ ከጉና ይወርዱና ከሌላው ምርቃት መሃል ለእኔ አንዲት ቃል ያስገባሉ፤ «ማሕፀንሽን ይክፈትልሽ» ይላሉ። እዚህ ላይ አባቴ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይጮሃል። «አሜን! አሜን! አሜን!» ይላል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። እኔ አለመውለዴን ያልሰማ ገሳይ ውስጥ ቢኖር ከዚያ አሜን በኋላ ይሰማል። አንድ ጊዜ «አባዬ፣ እባክህ እሷን ቀስ አድርገህ በላት» ብዬው «ቀስ ብዬ ብላት አያ አይቀጥሉማ» አለኝ። እውነቱን ነበር።

በመጨረሻ አረገዝኩ። (ልጅቷ ዛሬ አፏን ፈትታ የምትጮኸው ጩኸት የአያቷ ነው፤ «ውሃ» ስትል ጎረቤት ይሰማል።) እኔ ማርገዜን ስነግራቸው እናቴ አለቀሰች፤ አባቴ ግን እንደምጠብቀው አልጮኸም። ያን ጊዜ ነው ድምፁ የሆነ ነገር እንደሆነ የታወቀኝ። ሳል ከያዘው ቆይቷል፤ ዱቄት ነው እያለ ያልፈው ነበር። እውነትም ዱቄት ነበር። ዕድሜ ልኩን የሳበው ብናኝ ሳንባውን ጨርሶት ኖሯል።

ሆስፒታል እንዲቀርበው ብለን እኛ ቤት አመጣነው። ሐኪሙ እኔንና ባሌን ወደ ጎን ወስዶ፣ ከእንግዲህ እንዲቀለው ከማድረግ በቀር ብዙ የሚሠራ ነገር እንደሌለ በደግ አነጋገር ነገረን። ለእናቴ አልነገርናትም፤ እሷ ግን ፊታችንን አይታ ሁሉን ተረድታለች። ከሁሉ የከበደኝ ዝምታው ነበር። ያ ሁሉ ድምፅ አልቆ ሹክሹክታ ሆነ። አንድ ቀን ደብተር ሳርም ኳ ኳ የሚል ነገር ሰምቼ ዞር ስል፣ አባቴ ኩባያውን ከአልጋው ብረት ጋር ያጋጫል። ውሃ ሲጠይቀኝ ቆይቶ ኖሯል፤ አጠገቡ ተቀምጬ አልሰማሁትም። ጓዳ ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ።

ያን ሰሞን ነው በድጋሚ የጠየቅሁት። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ እጁን አነሳሁና ሆዴ ላይ አደረግሁት።

«አባዬ፣ መርቅልኝ።»

ፈገግ አለ። «አያ እያሉ …» ብሎ ሳሉ አቋረጠው።

ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። «አያ ጉና ላይ ናቸው!» አልኩት። «ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። አንተ እዚህ ነህ። ልጁም እዚህ ነው። ምንድን ነው የምትጠብቀው?»

እናቴ «ተይው እንጂ፣ ምነው አታድክሚው» አለችኝ። አባቴ እጁን ከሆዴ ላይ አላነሳም። እኔ ሞቱን ብቻ አልነበረም የምፈራው። ሳይመርቀኝ እንዳይሞት ነበር የምፈራው። ከሞተ በኋላ ማን ዘንድ ሄጄ ልጠይቅ?

እሱ ካላለ ታላቁ ይበሉት ብዬ ቆረጥኩ። ለገበያ ወርዶ ወደ ጉና የሚመለስ አንድ የአያ ጎረቤት አግኝቼ «ወንድምዎ ታሟል፣ ይድረሱ በላቸው» ብዬ ላክሁ። እንደሚመጡ አልጠበቅሁም፤ በዚያ ዕድሜና በዚያ ዝናብ ማን ይመጣል? አያ ግን መጡ። ልጃቸው በበቅሎ እስከ አስፋልቱ አውርዷቸው፣ ከዚያ ሚኒባስ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጧቸው ነው የመጡት። በርኖሳቸው ከዝናቡ የተነሳ ከብዶ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ አልጋው ሄዱ።

አልጋው ግን ግድግዳውን ተጠግቷል፤ ወንበር ሲደረግላቸው አባቴ በግራቸው በኩል ሆነ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይህን አወቁት። አባቴ በእጁ አመለከተ፤ ባሌና የአያ ልጅ አልጋውን ከነአባቴ አንስተው አዞሩት። አሁን በቀኛቸው ሆነ። አባቴ አፉን ከፍቶ አንድ ነገር አለ።

«እ?» አሉ አያ።

ደገመላቸው። 

«እ?»

አያ ጎንበስ ብለው ቀኝ ጆሯቸውን አፉ ላይ አስጠጉ። ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። «ድምፅህን ምን ወሰደብኝ?» አሉት። ቤት ውስጥ ያለነው ሁሉ ወደ መሬት አየን። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድማቸው ሲያናግራቸው አልሰሙትም።

እንባዬን ዋጥ አድርጌ ጆሯቸው ሥር ሄድኩና እጄን እንደ ቀንድ አድርጌ ጮኽኩ። «አያ! አባዬ አይመርቀኝም! እርስዎ እያሉ አይሆንም ይላል! ይፍቀዱለት!»

ደጋግሜ ስጮኽ ነው የገባቸው። ሲገባቸው ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁ። «ማን ከለከለው?» አሉ። ወደ አልጋው ዞሩና «እኔ ከልክዬህ አውቃለሁ?» አሉት።

አባቴ ራሱን ነቅንቆ አልከለከሉኝም አለ።

«ታዲያስ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ አንዲት ነገር ነገረኝ። ያ በአሜኑ ድንኳን የሚያናውጥ ሰው እንደ ልጃገረድ አፍሮ «አፌ አልለመደውም» አለኝ።

ለአያ ጮኼ ነገርኳቸው። አያ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «በል መርቅ፤ ዛሬ አሜን ባዩ እኔ ነኝ» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። ታላቅ ወንድሙ ፊቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ሲቆሙ አባቴ በጣም ተጨነቀ፤ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ አለ። እናቴም ባሌም መዳፋቸውን ዘረጉ። እኔ ተንበረከክሁ። እጁን ራሴ ላይ አደረገ። እንዴት ቀሎ ነበር! የስንዴ ጆንያ ብቻውን ብድግ የሚያደርግ እጅ ነበር፤ አሁን የሳሙናና የመድኃኒት ሽታ ብቻ ነው ያለው።

ጠበቅን።

«ልጄ …» አለ።

ከዚያ እንደ አያ ቆም አለ። ገና ምንም ስላልተመኘልኝ አሜን የሚል አልነበረም። አያ ደግሞ ከንፈሩን ነው የሚያዩት። ዝም ሲባል፣ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ዝም በተባለ ቁጥር የእሱ ተራ ነበርና፣ አባቴ ሳያስበው አፉን ከፈተ።

«አሜን» አለ።

መጀመሪያ ያመለጣት እናቴ ናት፤ ሳቋን በነጠላዋ ልትይዘው ስትሞክር ባሰባት። ቀጥሎ እኔ። አባቴም ምን እንዳደረገ ሲገባው ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ያለ ድምፅ ሳቀ። አያ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ። ስነግራቸው ከሁላችንም በላይ ሳቁ፤ ዱላቸውን ጥለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ክረምት እኛ ቤት እንደዚያ ተስቆ አያውቅም።

ሳቁ ግን ሳል ሆነበት፤ ሳሉም አልለቅ አለው። ትራሱን ከፍ አደረግን፣ ጀርባውን አሸን። ሲለቀው ፊቱ አመድ መስሎ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮዬን አፉ ላይ አስጠጋሁ። «ስነሳ እጨርስልሻለሁ» አለኝ።

«እሺ አባዬ» አልኩት። «ስትነሳ ትጨርስልኛለህ።»

አልተነሳም። ሳምንቱ ሳይሞላ ማለዳ ላይ አረፈ። ገሳይ ወስደን ቀበርነው፤ ወፍጮ ቤቱም ያን ቀን ሞተሩን አጥፍቶ ዋለ። እኔ ገሳይን ያለዚያ ድምፅ አላውቃትም ነበርና ሬሳ ተከትዬ ስሄድ ጆሮዬ የደነቆረ መሰለኝ። አያ አልቅሰው አልወጣላቸውም፤ ተደግፈው ቆመው አፈር ሲመለስ አዩ፤ በበቅሏቸው ወደ ጉና ተመለሱ።

አርባው ሲደርስ እንደገና ወረዱ። ካህናቱ ጸልየው፣ ቀምሰው፣ ባርከው ሄዱ። ዘመድና ጎረቤት ቀረ። ዳቦውና ጠላው ተነሳና አንድ ሽማግሌ «እንግዲህ አያ ይመርቁን» አሉ። አያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። በቀኛቸው ያለው በርጩማ ባዶ ነበር። ማንም ሆን ብሎ የተወው አይደለም። ሲገቡ ሰው እንደ ልማዱ ሁለት ቦታ ለቆላቸው ነበር።

«ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን» አሉና ቆሙ።

«አሜን» አለ ቤቱ ሁሉ።

አያ አልቀጠሉም። ራሳቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

«አሜን!» አልን ጮክ ብለን።

አሁንም ይጠብቃሉ። ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት ብቻ ነው ያለው። «ምነው?» አሉ። «ምነው ዝም አላችሁ? አሜን በሉለት እንጂ!»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከበሩ በኩል አንዲት ሴት ጮኻ አለቀሰች። አያ የለቅሶውንም ድምፅ አልሰሙም፤ መዳፋቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ናቸው። እኔ ከሆዴ ጋር እየታገልሁ ተነሳሁ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ሄጄ የአባቴ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጆሯቸው ግን ከላይ ነውና አልደረስኩበትም፤ መልሼ ቆምኩና «አሜን!» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ተሰበረ።

«እ?»

ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ዝም የማሰኝበትን ድምፅ ከሆዴ አወጣሁት። «አሜን!»

ዞረው አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ እንደ ድሮው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ቀጠሉ። «የቀሩትን ያቆይልን።» አሜን! «እናታችሁን ያጽናናልን።» አሜን! «ይቺን ልጅ ማርያም በሽልም ታውጣት።» አሜን! ጉሮሮዬ ተቃጠለ። ቃላቱን ሁሉ በቃሌ የማውቃቸው ነበሩ፤ አባቴ በእያንዳንዳቸው ላይ ምን ያህል አቅም ያፈስ እንደነበር ግን የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት። ለፈተናዬ፣ ለሠርጌ፣ ለማሕፀኔ፣ ለሁሉም እንዲህ ጮኾልኝ ኖሯል።

ምርቃቱ ሲያልቅ ሰው ሊቀመጥ ሲል አያ አልተቀመጡም። እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉ፤ ጎንበስ አልኩላቸው። 

«የዚያን ቀን ከየት ላይ ነበር ያቆመው?» አሉኝ፣ እንደ ደንቆሮ ሰው ጮክ ብለው።

«ልጄ ብሎ ነው ያቆመው!» ብዬ ጆሯቸው ላይ ጮኽኩ።

ትንሽ አሰቡ። እኔን ከተወለድኩ ጀምሮ የሚጠሩኝ «የወንድሜ ልጅ» እያሉ ነው።

«ልጄ» አሉ፤ እሱ ያቆመበት ላይ እሳቸውም ቆሙ።

አሜን ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣኝም። አያ አሜን ሳይሰሙ አይቀጥሉምና እጃቸውን ከራሴ ላይ ሳያነሱ ቆመው ጠበቁኝ።